የጢስ ንባብ፦ አሮጌ የናፍጣ መኪና፣ ገበያና መንግሥት

አሮጌ የናፍጣ መኪና ሊገዛ የመጣ ጠንቃቃ ሰው ሊብሬውን ከማየቱ በፊት ኮፈኑን ይዳስሳል። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀው ይጠረጥራል፤ ሌላ ቀን በማለዳ፣ ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ሰዓት ለመምጣት ይቀጥራል። የናፍጣ ሞተር የውስጡን ሁኔታ በግልጥ የሚያሳየው አድሮ ሲነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች በሚያወጣው ጢስ ነውና። የጢሱ ቀለም፣ ሽታው፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚታይበት ሁኔታ ለሚያውቀው ሰው መረጃ ነው።

አሮጌ መኪና በኢኮኖሚክስ ትምህርት የታወቀ ስፍራ አለው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያሳተመውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ጥናት የሚነሣው ከአሮጌ መኪና ገበያ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጥ አይፈልግም። ስለዚህ ጥሩው ከገበያው እየወጣ መጥፎው ይበዛል። በዚህ ገበያ ውስጥ ጢስ ልዩ ጠባይ አለው፤ ሻጩ ሙሉ በሙሉ ሊቆጣጠረው የማይችል፣ ገዢው ደግሞ ያለ መሣሪያ ሊያነበው የሚችል መረጃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ያለፉት 130 ዓመታት የናፍጣ ሞተር ታሪክ «ጢሱን የሚያነበው ማን ነው?» በሚል ጥያቄ ሊተረክ ይችላል። ንባቡ ከመካኒኩ ዓይን ወደ መሐንዲሱ ካርድ፣ ከካርዱ ወደ መንግሥት መሣሪያ፣ ከመሣሪያው ወደ ኮምፒውተር ተሸጋግሯል። በየደረጃው ትክክለኛነት ጨምሯል፤ ተራ ሰው በራሱ ሊያጣራው የሚችለው ነገር ግን በየደረጃው ቀንሷል። አሮጌ መኪኖቿን ለረጅም ዘመን ይዛ መቆየቷ ለማይቀረው ለኢትዮጵያ፣ ይህ ታሪክ የፖሊሲ ትምህርት አለው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ቀለማት

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። አየሩን ብቻ አፍኖ እስከ ብዙ መቶ ዲግሪ ያግለዋል፤ በዚያ ግለት ውስጥ ናፍጣው በኖዝል እንደ ጉም ተረጭቶ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጤናማ ቃጠሎ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ በቂ አየር፣ በቂ ግለት፣ በልኩና በሰዓቱ የተረጨ ናፍጣ። ጢስ ከሦስቱ አንዱ መጓደሉን ይነግራል፤ አለዚያም በሲሊንደሩ ውስጥ መገኘት የሌለበት ነገር፣ ማለትም የሞተር ዘይት ወይም የራዲያተር ውኃ፣ መግባቱን ያመለክታል።

ጥቁር ጢስ ተቃጥሎ ያላለቀ ካርቦን ነው፤ ናፍጣው ለአየሩ በዝቷል፣ ወይም አየሩ ለናፍጣው አንሷል ማለት ነው። ጥሩ መካኒክ ፍተሻውን ከርካሹ ይጀምራል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ ያያል። ሞተሩ ቱርቦ ካለው፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እንዳያመልጥበት ይፈትሻል። በኋላ ዘመን በመጡ ሞተሮች ላይ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ እንደተከፈተ ተጣብቆ እንዳይሆን ይመለከታል። ወደ ኖዝሎቹ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ያረጀ ኖዝል መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል፤ ጠብታውም በወጉ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆናል። የመጨረሻውና ውዱ የናፍጣ ፓምፑ ነው። ከመጨረሻው የጀመረ ባለንብረት የፓምፕ ማስጠገኛ ከፍሎ በዚያው ጥቁር ጢስ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ነጭ ጢስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በማለዳ የሚታይ፣ ዓይንና አፍንጫ የሚቆጠቁጥ፣ ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ጢስ ነው። ናፍጣው ተረጭቷል፤ ግን ሳይቃጠል ተንኖ ወጥቷል። ሞተሩ በዚያው ሰዓት ቢንቀጠቀጥና ሲሞቅ ጢሱ ቢጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲሊንደሩን ከመነሣቱ በፊት የሚያግለው ማሞቂያ ካንዴላ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ማሞቂያዎቹ ደኅና ሆነው ጢሱ ከቀጠለ ግን፣ የሲሊንደሩ የማፈን ኃይል ደክሟል ወይም ናፍጣው ዘግይቶ እየተረጨ ነው። ሁለተኛው ነጭ ጢስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው እንፋሎት ነው። የራዲያተሩ ውኃ በተበላሸ የሲሊንደር ራስ ጋርኒሲዮን ወይም በስንጥቅ በኩል ወደ ቃጠሎው ገብቷል ማለት ነው። ውኃው ያለ ምክንያት እየጎደለ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ማኪያቶ የነጣ አረፋ ከተገኘ፣ ጥርጣሬው ይጠናከራል። እንዲህ ያለውን መኪና ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ጥገናውን ነው።

ሰማያዊ ጢስ የሚቃጠል የሞተር ዘይት ነው። እዚህ ላይ ከቀለሙ ይልቅ ሰዓቱ ይናገራል። መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ባለበት ሠርቶ ነዳጅ ሲሰጠው አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጢስ የቫልቮቹ የዘይት መከለያዎች ማርጀታቸውን ያሳያል፤ ከዚህ ጋር ለዓመታት መንዳት ይቻላል። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ቀለበቶች አልቀዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ቢከፈት ጋዝ እየገፋ ይወጣል። ቱርቦ ባለው ሞተር ዘይቱ በቱርቦው በኩል አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተር ከማስወረድ በፊት የቱርቦውን ቱቦ ፈትቶ በውስጡ የተጠራቀመ ዘይት እንዳለ ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

በአሮጌ ሜካኒካል ፓምፕ በሚሠሩ ሞተሮች ላይ የቆየ የጋራዥ ፈተና አለ። ሞተሩ እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደው መስመር በየተራ ይላላል። አንዱ ሲሊንደር ሲቋረጥ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አልሠራም ነበር ማለት ነው። ጢሱም አብሮ ከጠፋ ምንጩ ታውቋል። ይህ ፈተና ግፊታቸው ከሺህ ባር በሚያልፍ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ እንዲህ ባለ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሻጭም የራሱ ዘዴዎች አሉት። ሞተሩን አስቀድሞ ማሞቅ የማለዳውን ነጭ ጢስ ይደብቃል። ወፍራም ዘይት መሙላት ሰማያዊውን ለጥቂት ሳምንታት ያደበዝዛል። ሜዳ ላይ ብቻ ማስነዳት ጥቁሩን ይሰውራል። ስለዚህ ገዢው ሦስቱንም ሁኔታዎች መጠየቅ አለበት፦ በቀዝቃዛ ማስነሣት፣ ባለበት ካሠሩ በኋላ ነዳጅ መስጠት፣ ጭኖ ዳገት መውጣት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለታማሚ የተነገረ ነው፤ በአሮጌ መኪና ገበያ ግን የሚደብቀው አንዱ፣ መድኃኒት የሚያጣው ሌላው ነው።

ከአውግስቡርግ የመጣ ጠባይ

ሩዶልፍ ዲዝል የፈጠራ መብቱን በ1893 ሲያገኝ ዓላማው ብክነትን መቀነስ ነበር። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከድንጋይ ከሰሉ ኃይል አብዛኛውን ያባክኑ ነበር። ከዓመታት ሙከራ በኋላ በ1897 አውግስቡርግ ላይ የተፈተነው ሞተር ከነዳጁ ኃይል 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ለዘመኑ እጅግ ከፍተኛ ውጤት ነበር። ይሁን እንጂ ናፍጣውን ለመርጨት የታመቀ አየር የሚያቀርብ ግዙፍ መሣሪያ ያስፈልግ ስለነበር ሞተሩ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና አልሆነም። ፈጣሪው በ1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሻገር መርከብ ላይ ሳለ ጠፍቶ ቀረ፤ ሞተሩ የቤት መኪና ውስጥ ሲገባ አላየም።

ለመኪና ያበቁት ሁለት ፈጠራዎች ናቸው። ፕሮስፐር ሎራንዥ በ1909 ቃጠሎው በትንሽ ቅድመ ክፍል የሚጀምርበትን ንድፍ አስመዘገበ፤ ሮበርት ቦሽ በ1927 የናፍጣ መርጫ ፓምፕን በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1936 መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን የናፍጣ የቤት መኪና በርሊን ላይ አቀረበ። የማለዳው ነጭ ጢስ የዚህ ታሪክ ውርስ ነው፤ ቅድመ ክፍሉ በብርድ ጊዜ ግለቱን ስለሚመጥጥ ያለ ማሞቂያ ካንዴላ ሞተሩ በቀላሉ አይነሣም።

ለፖሊሲ የሚበልጠው ነጥብ ግን ሌላ ነው። የቤንዚን ሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረው ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር በመገደብ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን አይገድብም፤ የሚለካው ናፍጣውን ነው። ብዙ ናፍጣ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ከአንድ መጠን በላይ ግን ጥቁር ጢስ ይመጣል። መሐንዲሶች ይህን ወሰን የጢስ ወሰን ይሉታል፤ በአሮጌ ፓምፕ ላይ የሚጠብቀው አንድ ቡሎን ነው። ቡሎኑን ያዞረ ሰው ዳገት የሚወጣበት ኃይል ያገኛል፤ ጢሱን የሚተነፍሰው ግን ከኋላው ያለው መንገደኛ ነው። አርተር ፒጉ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ ወጪው ለሦስተኛ ወገን የሚተርፍ ሥራን ሲያስረዳ ከምሳሌዎቹ አንዱ የፋብሪካ ጢስ ነበር። በናፍጣ መኪና ላይ የፒጉ ትምህርት በአንድ ቡሎን ይገለጻል።

የሪንግልማን ካርድ

ጢስን ከግል ፍርድ ወደ ቁጥር የለወጠው ፓሪስ የነበረ የግብርና ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነው። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን በ1888 በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመሮች አሰመረ፤ መስመሮቹ ከወረቀቱ 20፣ 40፣ 60፣ 80 በመቶ ይሸፍናሉ። ከሩቅ ሲታዩ ተዋሕደው ግራጫ ይመስላሉ። ተመልካቹ ካርዱን ከጢሱ ጋር ያስተያይና ከዜሮ (ንጹሕ ነጭ) እስከ 5 (ፍጹም ጥቁር) ቁጥር ይሰጣል። ካርዱ መጀመሪያ የቃጠሎ ጥራት መለኪያ ነበር፤ ጥቁር ጢስ ያልተቃጠለ ከሰል፣ ያልተቃጠለ ከሰልም የባከነ ገንዘብ ነውና። የባለፋብሪካው ጥቅምና የጎረቤቱ ጤና፣ በዚህ ነጥብ ላይ እንኳ ቢሆን፣ አንድ መንገድ ይሄዱ ነበር።

ካርዱ ብዙ ሳይቆይ አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካ መሐንዲሶች ዘንድ ተለመደ፤ ከዚያም የከተሞች ደንብ ውስጥ ገባ። ለንደን በታኅሣሥ 1952 በጉምና በከሰል ጢስ ታፍና ሺዎች ከሞቱባት በኋላ የወጣው የ1956ቱ የብሪታንያ የንጹሕ አየር ሕግ «ጥቁር ጢስ» ማለት በሪንግልማን ካርድ ቁጥር 2 ወይም ከዚያ የጠቆረ ነው ብሎ ደነገገ። የመንግሥት ተቆጣጣሪና የመንደር ነዋሪ በአንድ ካርድ አንድ ጢስ ማየት የቻሉበት ዘመን ነበር። ካርዱ የተመልካቹን ዓይን፣ የሰማዩን ብርሃንና የፀሐይዋን አቅጣጫ ያማከለ ስለሆነ ትክክለኛነቱ ውስን ነበር። ግልጽነቱ ግን ሙሉ ነበር፤ ክርክር ቢነሣ ሌላ ሰው ካርድ ይዞ መምጣት ይችላል።

የመኪና ጢስ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አሜሪካ ለከባድ የናፍጣ መኪኖች የፌዴራል የጢስ ወሰን ያስፈጸመችው ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የአውሮፓ የጋራ ገበያም በ1972 የራሱን መመሪያ አወጣ። ዓይን በመሣሪያ ተተካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሽ ሳይገባ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ መሣሪያውም በጢሱ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ምን ያህል እንደታገደ ይለካል። በአውሮፓ ዓመታዊ ምርመራ ለአሮጌ መኪኖች ወሰኑ ቱርቦ ለሌለው 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0 ተደረገ። ይህ መለኪያ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ምርመራው የሚካሄደው ሞተሩ ሞቆ ነው፤ ማለዳ ላይ ኮፈኑን የሚዳስሰው ገዢ የሚፈልገውን መረጃ አይሰጥም።

የማይታይ ጢስ

አውሮፓ በ1990ዎቹ ትልቅ ውሳኔ ወሰነች። የናፍጣ መኪና ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚኑ ያነሰ ስለሆነ የአየር ንብረት መፍትሔ ተደርጎ ተወሰደ። በአብዛኞቹ አገሮች የናፍጣ ግብር ከቤንዚን ያነሰ ነበር። በ1998 አምራቾች የአዳዲስ መኪኖችን አማካይ ልቀት በ2008 ወደ 140 ግራም ለማውረድ ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተስማሙ፤ ከመንገዶቹም ቀላሉ ናፍጣ ነበር። በ1990 ከሰባት አዲስ መኪኖች አንዱ ያህል ብቻ የነበረው የናፍጣ ድርሻ በ2011 ከግማሽ አለፈ። ፍራንክፈርት፣ ሮም ወይም ብራስልስ የሚኖሩ ብዙ አንባቢዎቻችን በዚያ ዘመን የናፍጣ መኪና የገዙት በዚህ የዋጋ ምልክት ተመርተው ነው።

ጢሱም በእርግጥ ቀነሰ። በ1997 ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ አዲስ ሥርዓት በቤት መኪና ላይ ዋለ፤ በ2000 ፔዦ የጥላሸት ማጣሪያ በፋብሪካ የተገጠመለት መኪና አቀረበ። የአውሮፓ ሕግ በ1992 ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.14 ግራም ጥላሸት ይፈቅድ ነበር፤ በ2009 ወደ 0.005 ግራም አወረደው። ቶኪዮም ቀደም ብላ ተነሥታ ነበር። አገረ ገዢው ሺንታሮ ኢሺሃራ በ1999 በጋዜጠኞች ፊት ጥላሸት የሞላበት ጠርሙስ አሳይተው የናፍጣ ዘመቻቸውን ጀመሩ፤ ከጥቅምት 2003 ጀምሮ ደረጃውን የማያሟላ የጭነት መኪና ወይ ማጣሪያ ይገጥማል፣ ወይ ከከተማው ይወጣል ተባለ። በ2004 ሚትሱይ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ለዚህ ሕግ የሸጣቸው ማጣሪያዎች የፈተና መረጃ ሐሰት እንደነበር አመነ።

ከዓይን የተሰወረው ነገር ግን አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2012 የናፍጣ ጢስን ለሰው ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገባው። በመስከረም 2015 ደግሞ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የቮልስዋገን መኪኖች ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሶፍትዌር እንደተገጠመላቸው ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየር ግፊቱን አይቶ ፈተናውን ከመንገድ ይለያል። በመንገድ ላይ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀቱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች እንደሚነኩ አመነ። ጋዙ በጢስ ማውጫው አፍ ላይ ለዓይን ስለማይታይ፣ የትኛውም ገዢ ኮፈን ዳስሶ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ደላላና ፈተናውን የሚያውቅ ሶፍትዌር የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም መርማሪው የሚመጣበትን ሁኔታ አውቀው ለዚያ ሁኔታ ብቻ ይዘጋጃሉ። ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ለጢስም ይሠራል፤ መቆጣጠሪያ የተደረገ መለኪያ መረጃ ሰጪነቱን ያጣል። መድኃኒቱም በሁለቱ ዘንድ ይመሳሰላል፦ ባልተጠበቀ ሰዓት፣ በእውነተኛ መንገድ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ሁኔታ መመርመር። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ አዳዲስ ሞዴሎችን በእውነተኛ መንገድ ላይ መፈተን የጀመረችው ለዚህ ነው።

ዕድሜን መቅጣት

በርሊን በ2008፣ ለንደን በ2019 አሮጌ ናፍጣን የሚያርቁ ክልሎች ሲከልሉ መኪኖቹ በአንድ ሌሊት ብረት አልሆኑም፤ ብዙዎቹ ተሸጡ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ዘገባ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች በዓለም ዙሪያ ተልከዋል፤ 80 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ወደ አፍሪካ ነው የሄደው። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪዎች ባደረጉት ፍተሻ ከወደቦቻቸው ወደ አፍሪካ የሚጫኑት አብዛኞቹ መኪኖች ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ነበሩ።

ኢትዮጵያ በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ካሉት አገሮች አንዷ ናት። የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የመካኒክ ሙያ በየት በኩል እንደመጣልን ይመሰክራል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎም ጭምር የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ለብዙ ዘመን በመኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ የሞተሩን መጠን እንጂ ዕድሜውን ወይም ጢሱን አይመለከትም ነበር። የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ይህን ለወጠ፤ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጣለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ወሰነ።

ሁለቱም እርምጃዎች ምክንያት አላቸው፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትም፣ የአየር ብክለትም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ሆኖም ሁለቱም የሚነኩት ወደ አገር የሚገባውን መኪና ነው፤ በአገር ውስጥ ያለውን አይነኩም። ሃዋርድ ግሩንስፔክት በ1982 ስለ አሜሪካ ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አዲሱን መኪና የሚያስወድድ ሕግ የአሮጌውን ዋጋ ያንረዋል፤ ዋጋው የናረ አሮጌ መኪና ደግሞ ከመንገድ አይወጣም። ኩባ የዚህ ጽንፍ ምሳሌ ናት፤ በ1950ዎቹ የገቡ የአሜሪካ መኪኖች፣ ብዙዎቹ በኋላ የናፍጣ ሞተር ተገጥሞላቸው፣ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያለው የናፍጣ ሚኒባስና የጭነት መኪናም ተተኪው በተወደደ መጠን የበለጠ ይጠገናል፣ የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የከተማዋ አየር የሚወሰነው በሚገባው መኪና ብቻ ሳይሆን፣ አሁን ባለው መኪና የጥገና ሁኔታ ነው።

ዕድሜ ደግሞ ለጢስ ደካማ ጠቋሚ ነው። ኖዝሉ በወቅቱ የተጠገነ የ20 ዓመት መኪና፣ ማጣሪያው ከተነቀለበት የ10 ዓመት መኪና ባነሰ ጥላሸት ሊነዳ ይችላል። በኢትዮጵያ ላይ ደግሞ ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ቱርቦ የሌለው፣ ፓምፑ ለዮኮሃማ ወይም ለሃምቡርግ አየር የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲደርስ አየሩ በሩብ ገደማ ይቀንስበታል፤ ናፍጣው ግን እንዳለ ይረጫል። እንዲህ ያለው ሞተር ምንም አካሉ ሳይበላሽ ጥቁር ጢስ ያወጣል። መድኃኒቱ አዲስ መኪና ወይም አዲስ ፓምፕ መግዛት ሳይሆን የፓምፑን ልክ ለከፍታው ማስተካከል ነው። ዕድሜን የሚቆጥር ታክስ ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም።

የማበረታቻው አቀማመጥም ጥገናን ይቃወማል። በቀን ገቢ ተስማምቶ ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር ሞተሩ የእሱ አይደለም፤ መኪናውን ጋራዥ አቁሞ የሚውልበት ቀን ግን የእሱ ኪሳራ ነው። ባለንብረቱ ጢሱን አይተነፍስም። ተሳፋሪውና የመንገድ ዳር ነጋዴው ይተነፍሳሉ፤ በጥገናው ላይ ግን ድምፅ የላቸውም።

ምርመራን ወደ ፖሊሲ

ጥሩ መካኒክ የሚሠራበት ሥርዓት፣ ማለትም መጀመሪያ ምልክቱን መለየት፣ ከርካሹ ምክንያት መጀመር፣ ምንጩን ሳያውቁ ዕቃ አለመለወጥ፣ ለፖሊሲም ይሆናል።

የመጀመሪያውና ርካሹ እርምጃ መረጃውን መክፈት ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ በሕግ አለ፤ ለገዢው የሚደርሰው ግን ቦሎ ነው፤ አለፈ ወይም አላለፈ ከማለት የበለጠ አይናገርም። የጢሱ ልኬት በቁጥር ተመዝግቦ፣ ቀዝቃዛ ማስነሣትንም ጨምሮ፣ በሰሌዳው ቁጥር ማንም ሊያየው ቢችል፣ የአከርሎፍ ገዢ የሚፈልገውን መረጃ ያገኛል። የሦስት ዓመት ቁጥር ያለው መኪና በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፤ ያኔ ጥገና ለባለንብረቱ ወጪ መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ጭማሪ ይሆናል።

ሁለተኛው በጢስ መቅጣት ከሆነ የሚቀጣውን መለየት ነው። ዶናልድ ስቴድማን በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመንገድ ዳር በጨረር ባደረጋቸው ልኬቶች ከቤንዚን መኪኖች የሚወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሽ ያህል ከጥቂቶቹ መኪኖች እንደሚመጣ አሳይቷል። ናፍጣም የተለየ ይሆናል ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለም፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ያለው አንድ የጭነት መኪና ብዙ ጤነኞችን ያስንቃል። እነዚህን በመንገድ ላይ፣ ባልተጠበቀ ሰዓት መያዝ፣ ሁሉንም በዕድሜ ከመቅጣት ርካሽም ፍትሐዊም ነው። የተያዘው ሾፌር ከቅጣት ወረቀት ይልቅ የጥገና ቀነ ገደብና አነስተኛ ብድር ቢሰጠው፣ የዕለት እንጀራው ሳይቋረጥ ጢሱ ይቋረጣል።

ሦስተኛው የሙያው ጉዳይ ነው። የፓምፕና የኖዝል መፈተሻ መሣሪያ ያላቸው፣ ከፍታን አስበው የሚያስተካክሉ ጋራዦች የአየር ጥራት መሠረተ ልማት ናቸው። ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው የግብር ቅናሽ ጥቂቱ እንኳ ወደዚህ ቢዞር፣ ጥቅሙ አዲስ መኪና መግዛት ለማይችለው ብዙኃን ይደርሳል። በውጭ የምንኖር ሰዎችም ለዘመድ መኪና መግዣ ገንዘብ ስንልክ የሞተር ምርመራውን ወጪ አብረን ብንልክ፣ ከሁሉ ያነሰው ወጪ እሱ ይሆናል።

የዚህ ሐሳብ ወሰን መታወቅ አለበት። ጥርት ያለ ጢስ ማውጫ ንጹሕ አየር ማለት አይደለም፤ የ2015 ቅሌት ይህን አስተምሯል፣ ጥቃቅኑ ቅንጣትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ለዓይን አይታዩም። የመጨረሻው መፍትሔም ናፍጣን መተው መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የመጨረሻው መፍትሔ እስኪደርስ ያሉት ዓመታት የሰው ዕድሜ ናቸው፤ በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በደሴ መንገዶች ላይ የሚታየው ጥቁርና ሰማያዊ ጢስ አብዛኛው ከሚታወቅና ሊጠገን ከሚችል ምክንያት የሚመጣ ነው። ሪንግልማን ካርዱን ሲያሰምር ያወቀውን ማለዳ ኮፈን የሚዳስሰው ገዢም ያውቃል፤ ጢስ መጀመሪያ መረጃ ነው። መንግሥት ይህን መረጃ ሰብስቦ ለሕዝቡ ቢያሳይ፣ ዛሬ በዕድሜ ላይ ከጣለው ቅጣት የበለጠ ጢስ ይቀንሳል።